አስቸኳይ፦ ትከሻ የማይመታ ቀላል የአደን ጠመንጃ የቱ ነው?

የቀበሌ 14 ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቸኩያለሁ፣ ኔትወርኩም እየተቆራረጠ ነው። የአደን ጠመንጃ ልገዛ ነው። ቁመቴ 1.54፣ ክብደቴ 48 ኪሎ። በተዋስኩት 30-06 (የጥይቱ ዓይነት ነው) ጠመንጃ ተለማመድኩና ትከሻዬ በለዘ፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩም ቅንድቤን መታኝ። አሁን 2.4 ኪሎ ብቻ የሚመዝን፣ .308 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ አግኝቻለሁ። ቀላል ስለሆነ ለእኔ የሚሻል መሰለኝ። ሱቁ የያዘልኝ እስከ ዛሬ ማታ ነው። ልውሰደው?

ጋሽ ታንኳ፦
ልጄ፣ ለመሆኑ ምን ልታድኚ ነው? ጣና ዳር ከሆነ ተይው። ሐይቁና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። አደን እንደ ድሮው ጠመንጃ አንግቶ መውጣት አይደለም፣ ፈቃድ አለው፣ የተከለለ ቦታ አለው። መሣሪያውም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይፈልጋል። ይህን ሳታጣሪ ገንዘብሽን እንዳታወጪ።

የቀበሌ 14 ልጅ፦
ኧረ ጋሼ፣ እዚህ አይደለም! የምኖረው ሚኔሶታ ነው። ለአዲስ ዓመት ቤተሰብ ልጠይቅ ነው ባሕር ዳር የመጣሁት። ዱሉዝ አካባቢ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አጋዘን ላድን ነው። አደኑ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይከፈታል።

ዓባይ ማዶ፦
.308 ውሰጂ በቃ። ትልቅ ጥይት ነው ቶሎ የሚጥለው። ትከሻ ይለምዳል፣ አባቶቻችን በምንሽርና በውጅግራ ሲተኩሱ ማን አለቀሰ?

ጣና ሞገድ፦
ክላሽ ይሻልሻል 😂 እሺ ቀልዴን ነው። .243 ግዢ።

የግሽ ልጅ፦
እህቴ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጥይቱ አንድ ከሆነ ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር ምቱ ይብሳል፣ ግፊቱን የሚውጠው ክብደቱ ነውና። ያ 2.4 ኪሎ .308 ካበለዘሽ 30-06 ብዙም አይሻልም። መቀየር ያለብሽ ጥይቱን ነው። .243 ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ያለ ነው፣ ምቱ የ30-06 ግማሽ ያህል ነው። ሳንባው ላይ ካሳረፍሽው ለአጋዘን ይበቃል። ከፍ ያለ ካሻሽ 6.5 ክሪድሙር ወይም 7 ሚሊሜትር-08 አለ፣ ሁለቱም ከ.308 ይለዝባሉ። ከነመነጽሩ ከ3.2 እስከ 3.6 ኪሎ ቢሆን ለመሸከምም አይከብድሽም።

ከሁሉም በላይ ግን ሰደፉን ተመልከቺ። የተለመደው ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ወደ 35 ሴ.ሜ. ነው፣ ላንቺ ይረዝማል። ክንድሽን በ90 ዲግሪ እጠፊና ሰደፉን የክንድሽ መታጠፊያ ላይ አሳርፊው። ጣትሽ ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ ከደረሰ ልክሽ ነው። ወደ 32 ሴ.ሜ. የሆነ ፈልጊ፣ ሩገር አሜሪካን ኮምፓክት እንደዚያ ነው። ቅንድብሽም የተመታው በዚሁ ይመስለኛል። ሰደፍ ሲረዝም አንገትሽን ታሰግጊያለሽ፣ ዓይንሽ መነጽሩ ላይ ይለጠፋል። ቢያንስ 9 ሴ.ሜ. ይራቅ።

ዓባይ ማዶ፣ ወንድሜ፣ ምት የፈራ ሰው ምላጭ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ያኔ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባና ሲሰቃይ ያድራል። ይህ ነው የሚያሳስበኝ።

ዓባይ ማዶ፦
እኔ አሁንም .308 ነው የምለው።

ፓፒረስ፦
ምን አስጨነቀሽ? እዚያ ያለ ዘመድሽ ዛሬ በስሙ ይግዛልሽ፣ ብሩን ላኪለት።

የግሽ ልጅ፦
እንዳታደርጊው! አሜሪካ ውስጥ በሌላ ሰው ገንዘብ ገዝቶ «ለራሴ ነው» ብሎ ቅጽ መሙላት የፌዴራል ወንጀል ነው። ራስሽ በአካል ቀርበሽ ሞልተሽ፣ የወንጀል ታሪክ ማጣራቱ ሲያልፍ ነው የምትረከቢው። ስለዚህ ዛሬ ማታ የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም፣ ያ ቢያመልጥሽ እንዲያውም እሰየው ነው። ደግሞ የመሣሪያ ደህንነት ሥልጠና ወረቀቱ አለሽ? በፈረንጆቹ ከ1979 በኋላ ለተወለደ ሰው ሚኔሶታ ያለ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የአደን ፈቃድ አትሸጥም።

እማማ ዘጌ፦
ልጄ፣ ሥጋውንስ ትበዪዋለሽ? ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ስለሆነ ይበላል። በጥይት ስለወደቀው ግን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

ጋሽ ታንኳ፦
አሜሪካ ከሆነ መልካም። ዘመድ «አምጪልን» ቢልሽ ግን እንዳትሰሚ። ያለ ፈቃድ አገር ማስገባት ክልክል ነው።

ጣና ሞገድ፦
.243 አልኩ እኮ። የቀበሌ 14 ልጅ፣ ምን ወሰንሽ? ሱቁ ደወለ?

የግሽ ልጅ፦
መብራት ሄዶባት ይሆናል። ስትመለሺ ታነቢዋለሽ ብዬ ልጨምር፦ ሰደፉ ላይ ጥሩ የጎማ ትራስ ይኑረው። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ብሬክ ምቱን ይቀንሳል፣ ጩኸቱ ግን አጠገብሽ ያለውን ሁሉ ያደነቁራልና ለአሁኑ ይቅርብሽ። በለዙ ሳይድን ደግሞ አትተኩሺ። መጀመሪያ .22 በምትባለው ትንሽ ጥይት ተለማመጂ፣ እሱ ምት የለውም ማለት ይቻላል። ጆሮሽን ሁሌም ሸፍኚ።