ለቤትም ለሰርግም የሚሆን አንድ ሌንስ፦ 35፣ 50 ወይስ 85?

ጥያቄ፦ ማሂ_ክሊክ

ሰላም ለሁላችሁም። ካሜራዬ ኒኮን ዲ5600 ነው፤ ያለኝ ሌንስ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 3.5-5.6 ብቻ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። ቀን ውጭ ላይ ምንም አይወጣለትም። ማታ ቤት ውስጥ ግን ልጆቹ ሁሌ ብዥ ይሉብኛል፤ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ሳሳድግ ደግሞ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የእህቴ ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ነው (ዋናው ፎቶ አንሺ ሌላ ሰው ነው፣ እኔ ለቤተሰብ ነው የማነሳው)። መግዛት የምችለው አንድ ሌንስ ብቻ ነው። ያገለገለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ዲ አግኝቻለሁ፤ ሌላው ሰው ሁሉ ደግሞ 85 ነው የሚለኝ። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሻተር_125

ያንን 50 እንዳትገዢው። ሌንሱ ደህና ነው፣ ችግሩ ካንቺ ካሜራ ጋር አለመግባባቱ ነው። የዲ ሌንሶች (ስማቸው ላይ ዲ ያለባቸው የድሮ ኒኮን ሌንሶች) የራሳቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ፎከሱን የሚያዞርላቸው ከካሜራው አፍ ብቅ የምትል፣ የካቻቪቴ ጫፍ የመሰለች ዘንግ ናት። የዲ3000 እና የዲ5000 መስመር ካሜራዎች ደግሞ ይህቺ ዘንግ የለቻቸውም። ብርሃን ይለካልሻል፣ ፎቶም ያነሳል፤ ፎከሱን ግን በእጅሽ ልታዞሪ ነው። በኤፍ 1.8 የሚሮጥ ልጅን በእጅ ፎከስ ማድረግ ደግሞ ልፋት ብቻ ነው።

ስትገዢ ስሙ ላይ ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ (ሞተር ያላቸው ሌንሶች ምልክት) የሚል መኖሩን እይ። ሻጩ ካላወቀ ሌንሱን ገልብጠሽ መግጠሚያ ብረቱን ተመልከቺ፤ ካቻቪቴ የሚገባበት የመሰለ ስንጥቅ ያላት ትንሽ ክብ ካለችበት ለሌላ ሰው ተዪለት። የሌላ ድርጅት ሌንስ ከሆነም ጥያቄው ያው ነው፦ ውስጡ ሞተር አለው ወይስ የለውም?

መልስ፦ ማዕዘን

35፣ 50፣ 85 የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሳው የት እንደምትቆሚ ሳይታወቅ ነው። ሚሊሜትሩ ሲበዛ ሌንሱ እያጠበበና እያቀረበ ያያል። ያንቺ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ደግሞ ከፉል ፍሬም፣ ማለትም የድሮ ፊልም ያህል ከሆነው ትልቁ ሴንሰር፣ 1.5 ጊዜ ያንሳል፤ ስለዚህ ሌሎች የሚያሞግሱት 85 ባንቺ ካሜራ ላይ እንደ 128 ነው የሚያየው። አንድ ቆሞ ያለ ሰው ከእግር እስከ ራስ፣ ካሜራው ወደ ጎን ዞሮ፣ ትንሽ ትርፍ ኖሮት እንዲገባ በ35 ሦስት ሜትር ያህል ትርቂያለሽ። በ50 አራት ሜትር ከሩብ ነው። በ85 ከሰባት ሜትር ይበልጣል! ሰባት ሜትር ስትርቂ አዳራሽ ውስጥ በመሃል ስንት ሰው እንደሚያልፍ አስቢው። ቤት ውስጥማ ግድግዳው አያስኬድሽም።

እኔ የምመርጥልሽ ኤኤፍ-ኤስ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ጂ ዲኤክስ (እንዳንቺ ላለ ትንሽ ሴንሰር የተሠራ) ነው። 200 ግራም ብቻ ነው፣ እስከ 30 ሴንቲሜትር ተጠግቶም ፎከስ ያደርጋል፤ ቀለበት ወይም የልጅ እጅ ለማንሳት ያ ይበቃል።

ሳትገዢ ሞክሪው። ዙሙን 35 ላይ አድርጊና ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፈሽ ሦስት ቀን ቤት ውስጥ አንሺ። ቀጥሎ 50 ላይ ሦስት ቀን። ግድግዳ ወደ ኋላ ካላስኬደሽ ረዝሞብሻል፤ ሰው ፊት ላይ መደቀን ካበዛሽ አጥሮብሻል። የድሮ ፎቶዎችሽንም ኮምፒውተር ላይ ክፈቺና በስንት ሚሊሜትር እንደተነሱ እይ፣ ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል።

መልስ፦ ጥላና_ብርሃን

ከላይ ባሉት እስማማለሁ። የብዥታውን ነገር ግን በቁጥር እንየው፤ ሌንሱ ብቻውን አይፈታውም።

ዙምሽ 35 ላይ ሲሆን አፐርቸሩ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) የሚከፈተው እስከ ኤፍ 4.5 አካባቢ ነው። ከ4.5 ወደ 1.8 ስትሄጂ ብርሃኑ ስድስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ማታ ሳሎን ውስጥ በአይ ኤስ ኦ 3200 ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/40 ሰከንድ ላይ ቆሞብሽ ከነበረ፣ በዚያው አይ ኤስ ኦ 1/250 ታገኚያለሽ። ልጅ ጥርት ብሎ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው 1/125 ይበቃል፤ ለጭፈራ ከ1/250 አትውረጂ። ሌንሱ ላይ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያ ያንቺን እጅ እንጂ የልጁን እግር አያቆምም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

ካሜራውን ኤ ሞድ (አፐርቸሩን አንቺ፣ ሻተሩን ካሜራው የሚመርጥበት) ላይ አድርጊው። አውቶ አይ ኤስ ኦ ክፈቺና ጣሪያውን 6400፣ ዝቅተኛ ሻተሩን 1/250 አድርጊ። ለሚንቀሳቀስ ሰው ኤኤፍ-ሲ (እየተከታተለ ፎከስ የሚያደርገው)፣ አንድ ነጥብ ብቻ መርጠሽ። ካሜራሽ 39 የፎከስ ነጥብ አለው፤ ጨለምለም ሲል የሚታመኑት ግን መሃል ያሉት ዘጠኙ ናቸው፣ የጠርዞቹ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ትዝታው ብቻ ይቀርሻል።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። 1.8 ስላለሽ ሁልጊዜ በ1.8 አታንሺ። በ35 ሚሊሜትር፣ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ በኤፍ 1.8 ጥርት የሚለው ጥልቀት 12 ሴንቲሜትር ያህል ነው። አንድ ፊት ይገባል፤ ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ትንሽ ወደ ኋላ ካለ ግን እሱ ደብዝዞ ይወጣል። በ2.8 ወደ 20 ሴንቲሜትር ይሰፋል። በሁለት ረድፍ ለቆመ ቤተሰብ ሦስት ሜትር ተኩል ርቀሽ ኤፍ 4 አድርጊና ፎከሱን የፊተኞቹ ዓይን ላይ ጣይ፤ የኋለኞቹም ይገባሉ። (85ን ለሚያሞግሱ፦ በሁለት ሜትር በ1.8 ጥልቀቱ አራት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። የቅርቡ ዓይን ጥርት ሲል የሩቁ ይጠፋል።)

ፊት ብቻ ለማንሳት በ35 አንድ ሜትር አትጠጊ፣ አፍንጫ ይገዝፋል። ሜትር ተኩል ላይ ሆነሽ አንሺና በኋላ ቁረጪው። ካሜራሽ 24 ሜጋፒክስል ስለሆነ እንደ 50 እስኪያይ ድረስ ብትቆርጪው እንኳ ከ10 ሜጋፒክስል በላይ ይተርፋል።

መልስ፦ ፍላሽ_ወዳጅ

ሁላችሁም ስለ ሌንስ ነው የምታወሩት፤ ለሰርጉ ብቻ ቢሆን እኔ ጭንቅላቱ የሚዞር ፍላሽ ነበር የማስገዛት። ጣሪያው ነጭ ሆኖ ሦስት አራት ሜትር ከሆነ ፍላሹን ወደ ላይ ቀና አድርገሽ በዚያው በ18-55፣ ኤፍ 5.6፣ 1/125፣ አይ ኤስ ኦ 800 ጀምሪ፤ ጨለም ካለ 1600። ከሻተር 1/200 አትለፊ፤ ካሜራሽ በተለመደው አሠራር ከፍላሽ ጋር የሚሄደው እስከዚያ ነው። ጣሪያው ባለ ቀለም ከሆነ ፊቱ ሁሉ ያን ቀለም ይለብሳል፤ በጣም ከፍ ያለ ወይም ጥቁር ከሆነ ብርሃኑ አይመለስም። ካሜራው ላይ ያለችውን ትንሿን ፍላሽ እርሺያት፣ ሰውን ግድግዳ ላይ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ታደርገዋለች።

መልስ፦ ጥላና_ብርሃን

ለአዳራሹ ልክ ነህ። እሷ ግን ከሰርጉ ማግስትም ልጆች አሏት፤ የተኛ ሕፃን ላይ ፍላሽ አይተኮስም። ምርጫው ከ17-50 ኤፍ 2.8 ዙም ሌንስ ጋር ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይከብደኝ ነበር፤ ዙም እያለ ከ18-55ቱ የ55 ጫፍ አራት እጥፍ ብርሃን ይሰጣል። ግን ብዙዎቹ ከግማሽ ኪሎ ያልፋሉ፣ በየቀኑ አንገት ላይ አይውልም።

ማሂ_ክሊክ

አመሰግናለሁ፣ 35ቱን ወስኛለሁ። ያገለገለ አግኝቻለሁ፤ ስሄድ ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ሻተር_125

የስልክሽን መብራት ከኋላ በኩል አስገቢና ከፊት በሰያፍ እይ። አቧራ ጥቂት ቢኖር አይጎዳም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፣ ተዪው። ከኋላ መግጠሚያው አጠገብ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ግፊያትና ልቀቂያት። የአፐርቸሩ ምላጮች ተከፍተው ፈጥነው መመለስ አለባቸው። እየተጎተቱ ከተመለሱ ወይም ዘይት ከታየባቸው በ1.8 ካላነሳሽ በቀር ፎቶሽ ከሚገባው በላይ ይነጣል።

ከዚያ ካሜራሽ ላይ ግጠሚው። ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ግድግዳ ላይ አስደግፊ፣ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና በኤፍ 1.8 መጀመሪያ በቪውፋይንደር (በዓይን መመልከቻው)፣ ቀጥሎ በላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያየሽ) አምስት አምስት ጊዜ አንሺ፤ በየመሃሉ ፎከሱን አዛብተሽ እንደገና ያግኝ። አጉልተሽ አስተያዪ። የላይቭ ቪው ፎቶዎች ጥርት ብለው የቪውፋይንደሮቹ ሁሌ ደብዘዝ ካሉ፣ ሌንሱና ካሜራው ልካቸው አልተጣጣመም ማለት ነው። ዲ5600 ላይ ይህን የሚያስተካክል ሜኑ የለም፤ ሌላ ፍሬ ጠይቂ።

አንድ የረሳሁት፦ የ18-55ሽ ኤኤፍ-ፒ ከሆነ ፊልተሩ 55 ሚሊሜትር ነው፣ የ35ቱ 52። ያለሽ ፊልተርና ክዳን አይገጥምም፤ ክዳኑን ከሻጩ ሳትቀበዪ እንዳትወጪ።