ሞገድ ፍለጋ የሄዱት ሰርፈሮች ማንን አተረፉ?

ካሳንቺስ ማዶ፦
ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ወሬ እንቅልፍ ነሳኝ። እንግዳው ስለ በጎ ፈቃድ ነበር የሚያወራው። ሰርፍ ቦርዳቸውን፣ ያን ሞገድ ላይ የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ፣ ይዘው ኢንዶኔዥያ የሄዱ ፈረንጆችን አነሳና «ሊዝናኑ ሄደው ማንም ያልደረሰለትን ሕዝብ ከሞት አተረፉ፤ የኛ ወጣቶች ይማሩ» አለ። ጋዜጠኛዋም «ድንቅ ነው» ብላ ዘፈን ጋበዘችን። ማንም ያልደረሰለት? እዚያ ደሴት ላይ ጎረቤት የለም? አዋላጅ የለም? በአውሮፕላን ያልመጣ ሰው አይቆጠርም ማለት ነው? እስቲ የምትሉትን በሉ።

ፐርዝ ነኝ፦
ሰውየው ያወራው ስለ ሰርፍኤይድ መሰለኝ። ዴቭ ጄንኪንስ የሚባል የኒውዚላንድ ሐኪም ነው የጀመረው። በ1999 ሊሰርፍ ከሱማትራ በስተምዕራብ ወዳሉት ሜንታዋይ ደሴቶች ሄደ (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከጀልባ ወርዶ መንደር ሲገባ ሰው በወባ እያለቀ ነው። በዓመቱ፣ በ2000፣ ድርጅቱን አቋቋመ። አጎበር ማከፋፈል ተጀመረ። ይሄ ምኑ ያናድዳል? ስንቱ ሰርፈር በዚያው ባሕር ተንሳፍፎ፣ ፎቶውን ተነስቶ ሄዷል። ይሄኛው ተመለሰ። ከምንም ይሻላል።

ኮምቦልቻ99፦
ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ሰርፍ ልንጣላ ነው። ቡና ይፈላ።

ካሳንቺስ ማዶ፦
«ከምንም ይሻላል»። አመሰግናለሁ ፐርዝ፣ የሬዲዮውን ሰውዬ በሦስት ቃል ጠቀለልክልኝ፣ ይቅርታ በሁለት። አሁን ንገረኝ፣ ያ «ምንም» ማነው? ሲሜሉ የምትባል ደሴት አለች፣ እዚያው ሱማትራ አጠገብ። በ1907 ሱናሚ ፈጃቸው። ከዚያ ወዲህ አያቶች ለልጅ ልጅ «ምድር ከተንቀጠቀጠ፣ ባሕሩም ከሸሸ፣ ዕቃ ሳታነሳ ወደ ኮረብታ ሩጥ» እያሉ በዜማ ሲያወርሱ ኖሩ። ሱናሚውን «ስሞንግ» ይሉታል። ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ፣ ሲሜሉ ከመንቀጥቀጡ መነሻ ቅርብ ከነበሩት ቦታዎች አንዷ ነበረች። 78 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራት። የሞተው ሰባት ሰው ነው። ሰባት! ሰርፈር አልነገራቸውም። አያታቸው ናት።

ነርሷ ሐዋሳ፦
ይሄን አላውቅም ነበር፣ ደስ ይላል። ግን ካሳንቺስ፣ የሱናሚ ዜማ ወባ አይከላከልም። ሁለቱን አታደባልቅ።

ፐርዝ ነኝ፦
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ደግሞ ሲሜሉ ሌላ፣ ሜንታዋይ ሌላ። ሜንታዋይ ላይ ጥቅምት 25 ቀን 2010 ማታ ምን እንደሆነ ልንገርህ። መንቀጥቀጡ 7.7 ነበር፣ ግን ቀስ ያለ ዓይነት ስለነበር ሰው ብዙም አልደነገጠም። ማስጠንቀቂያው መንደሮቹ ጋ አልደረሰም። ውሃው ፓጋይ ደሴቶች ላይ ወጣና ከ400 በላይ ሰው ገደለ። ከዚያ አየሩ ተበላሸ። የመንግሥት ዕርዳታ በማዕበሉ ምክንያት ቀናት ቆየ። ያን ጊዜ ቀድመው ሰው ያነሱት፣ ውሃና ድንኳን ያደረሱት ሰርፈር የሚያመላልሱት የኪራይ ጀልባዎች ናቸው። ሰርፍኤይድም በነዚያ ጀልባዎች ነው የሠራው። ጀልባዎቹን ደግሞ ራሱ ሱናሚው መትቷቸዋል። ማካሮኒስ በሚባለው ቦታ ሁለቱ ተጋጭተው አንዷ ነደደች፤ ተሳፋሪው ዘሎ ውሃው ጫካ ውስጥ ጣለው። እንግዲህ አያቱ የት ነበረች?

ካሳንቺስ ማዶ፦
አያቱን ተዋት። የጀልባዎቹን ሾፌር ንገረኝ። ምግብ አብሳዩን፣ ገመድ ጎታቹን። አውስትራሊያዊ ናቸው?

ፐርዝ ነኝ፦
አብዛኞቹ ኢንዶኔዥያውያን ናቸው። ታዲያስ?

ካሳንቺስ ማዶ፦
ታዲያማ «ምንም» ያልካቸው እነሱ ናቸው።

ፐርዝ ነኝ፦
እኔ ሰውን ምንም አላልኩም! አታጣምምብኝ። ከምንም ይሻላል ያልኩት ዝም ብሎ ከመሄድ ይሻላል ለማለት ነው። አማርኛ ነው የጻፍኩት።

ኮምቦልቻ99፦
ፐርዝ፣ አማርኛህ ደህና ነው፤ ዓላማህ ነው ፈረንጅኛ የሆነው።

ፐርዝ ነኝ፦
ይሄ ስድብ ነው። እኔ እዚህ ሌሊት ሥራ ሠርቼ ለእናቴ እቁብ የምልክ ሰው ነኝ። አገሬን አልረሳሁም።

ኮምቦልቻ99፦
ቀልድ ነው ወንድሜ፣ ተረጋጋ። እቁቡ መቼ ነው የሚወጣው?

ነርሷ ሐዋሳ፦
ወደ አጎበሩ እንመለስ። እኔ አጎበር ያከፋፈልኩ ሰው ነኝ፣ ሰርፍ ላይ ሳይሆን ጭቃ ላይ። ማደሉ ከሥራው ቀላሉ ነው። ሰጥተህ ትሄዳለህ፤ ስትመለስ አንዱ ቤት በፌስታል እንደታሸገ ተቀምጧል፣ «ለእንግዳ ነው»። ሌላው ቤት ማሳ ታጥሮበታል። ስለዚህ ሰርፈር ነው አይደለም የሚለው አያስጨንቀኝም። ከማደል በኋላ ማን ማታ ማታ እየዞረ አየ? እሱን ነው የምጠይቀው። የኛ ጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው። የቤቱን በር ያውቁታል፣ የባልየውን ጠባይ ጭምር።

ፐርዝ ነኝ፦
እንግዲህ ስሚ፣ ሰርፍኤይድም እዚያ ነው የደረሰው። ከአጎበር ተነስቶ ወደ እናቶችና ሕፃናት ጤና ሄደ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፖስያንዱ የሚባል አለ፣ በየመንደሩ በወር አንድ ቀን ሕፃናት የሚመዘኑበት፣ የሚከተቡበት። የሚያንቀሳቅሱት የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ድርጅቱ ከነሱ ጋር ነው የሚሠራው። የሚቀጥራቸው ሠራተኞችም በብዛት የአገሩ ሰዎች ናቸው። እናንተ ያሰባችሁት ሸሚዝ የሌለው ወጠምሻ መርፌ ሲወጋ ነው።

ካሳንቺስ ማዶ፦
ያሰብነውን እኛ አልፈጠርነውም፤ ሬዲዮው ነው የሣለልን። የመንደሩ ሴቶች ናቸው የሚሠሩት ካልክ ለምን እነሱ አይነሱም? «የፖስያንዱ ሴቶች ልጅ አዳኑ» ቢባል ማን ብር ያዋጣል? ለዚህ ነው ሰርፈሩ ፊት የሚቆመው። እሱ ነው የሚሸጠው።

ነርሷ ሐዋሳ፦
ይቺ እውነት ናት። ግን ብሩ ከመጣ እኔ ፊቱ የማንም ቢሆን ግድ የለኝም። ክትባት በፊት አይከፈልም።

ካሳንቺስ ማዶ፦
ግድ ይልሻል እህቴ። ነገ ያ ፊት ሲሰለች ብሩም ይሄዳል።

የድሮ ርዳታ ሠራተኛ፦
ልጆች፣ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ በ1977 ዓ.ም. ኮረም ነበርኩ። ፈረንጅ መጣ፣ ካሜራ መጣ፣ ቀጥሎ እህል መጣ። በዚህ ቅደም ተከተል። እህሉን ያወረደው፣ ገንፎ ያገነፋው፣ ሬሳ ያጠበው የኛ ሰው ነው፤ አንዳቸውም ፎቶ ላይ የሉም። ካሳንቺስ ይሄን ሲል ልክ ነው። ግን አውሮፕላኑ ባይመጣ ያ ሁሉ የኛ ሰው የሚያወርደው ነገር አልነበረውም። ፐርዝ ይሄን ሲል ልክ ነው። ሁለታችሁም አናዳችሁኛል።

ካሳንቺስ ማዶ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አልሟገትም። ግን እርስዎ ያሉት እህል ጫኝ አውሮፕላን ነው። እኔ የምለው ቦርድ ጭኖ የመጣውን ነው።

የድሮ ርዳታ ሠራተኛ፦
እኛም ጋ ጊታር ይዞ የመጣ ነበር። አንዳንዱ ጊታሩን ጥሎ እስከ ማታ ቃሬዛ ተሸከመ። አንዳንዱ ሳምንት ሳይሞላው የሚተኛበት አልመቸው ብሎ መኪና ጠየቀ። ያ መኪና እህል የሚጭን መኪና ነበር። እንግዲህ ምን ይዞ መጣ ብለህ አትጠይቅ፣ ማን መኪና ሰጠው ብለህ ጠይቅ።

ኮምቦልቻ99፦
ጋሼ ይቺን በፍሬም አሰቅላለሁ።

አሰብ ናፋቂ፦
ይሄ ሁሉ የባሕር በር ስለሌለን ነው። አሰብ ቢኖረን የራሳችን ሰርፈር ይኖረን ነበር።

ኮምቦልቻ99፦
መጣ! እየጠበቅኩት ነበር።

ካሳንቺስ ማዶ፦
አሰብ ላይ የሚሰርፍ ሞገድ የለም ጌታው። ቀይ ባሕር ነው። ሜንታዋይ የሚመጣው ሞገድ ከደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ተጉዞ ነው።

አሰብ ናፋቂ፦
ሞገድ የለም ማለት ወደቡን መካድ ነው። ማን ከፈለህ?

አስተባባሪው፦
አሰብ እዚህ አይገባም። ባለፈው በዚሁ ርዕስ ሁለት ሰው ከግሩፑ ወጥቷል። ወደ ጉዳዩ።

ፐርዝ ነኝ፦
ወደ ጉዳዩ። ሌላ ምሳሌ። ጆን ሮዝ የሚባል የታወቀ ሰርፈር በ2009 ወደ ባሊ የሚወስደው ጥቂት የውሃ ማጣሪያ ይዞ ነበር። ሱማትራ ባሕር ላይ ጀልባ ውስጥ እያለ መስከረም 30 ቀን ፓዳንግ ከተማን መሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ማጣሪያዎቹን ይዞ ከተማው ገባ። ከዚያ ዌቭስ ፎር ዋተር የሚባል ድርጅት አቋቁሞ በጥር 2010 ለተመታችው ሄይቲም ደረሰ። ዝም ብሎ ወደ አገሩ መብረር ይችል ነበር።

ካሳንቺስ ማዶ፦
ሄይቲን ባነሳህ። እዚያ በ2010 ኮሌራ ማን አስገባ? ሊረዱ የመጡ! የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች። ወደ 10 ሺህ ሰው ሞተ። ድርጅቱ ድርሻ እንዳለበት ያመነው በ2016 ነው። «ከምንም ይሻላል»? እዚያ ምንም ይሻል ነበር!

ፐርዝ ነኝ፦
ሰላም አስከባሪ ከሰርፈር ጋር ምን አገናኘው? ኮሌራው የወጣው ከጦር ሰፈር ፍሳሽ ነው። የውሃ ማጣሪያ ያመጣውን ሰው በውሃ በካዩ ልትከስ ነው? በል እንግዲህ እኔንም ጨምረኝ።

ነርሷ ሐዋሳ፦
ካሳንቺስ እዚህ ላይ ተንሸራተሃል። ለኮሌራ ማጣሪያ ጥሩ ነገር ነው። እኔ የምጨነቀው ሲደፈን ማን ያጥበዋል በሚለው ነው። በየጊዜው ወደ ኋላ ውሃ እየገፋህ ካላጠብከው ያቆማል። ቆሞ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ሪፖርቱ ላይ «ለዚህን ያህል ቤተሰብ ንጹሕ ውሃ» ተብሎ ይቀራል።

ኮምቦልቻ99፦
ጥያቄ አለኝ፣ የምሬን ነው። ሰርፈሩ ደሴቱ ላይ ሲሰርፍ ለደሴቱ ምን ይከፍላል? በጎ ፈቃዱን ተዉትና።

ፐርዝ ነኝ፦
ይከፍላል። ከ2016 ጀምሮ የሜንታዋይ አስተዳደር የሰርፍ ግብር ጥሏል። ሲጀመር ለ15 ቀን 1 ሚሊዮን ሩፒያ ነበር። ያኔ ወደ 75 ዶላር ገደማ።

ኮምቦልቻ99፦
የጀልባ ጉዞውስ?

ፐርዝ ነኝ፦
እንደ ጀልባው ነው። ለአሥር ቀን ምናምን በሺዎች ዶላር።

ካሳንቺስ ማዶ፦
እህ! ሺዎቹ ለጀልባ ባለቤት፣ 75ቱ ለደሴቱ። ከዚያ ባለ ሺዎቹ ሲያዝንልህ አጎበር ይሰጥሃል፣ ሬዲዮ ላይም ይወራለታል። እኔ ብሆን አጎበሩን ትቼ ግብሩን እጨምር ነበር። በራሳቸው ገንዘብ የራሳቸውን ነርስ ይቅጠሩ።

ነርሷ ሐዋሳ፦
ግብሩን የሚሰበስበው ነርስ የሚቀጥር ይመስልሃል? እስቲ የራሳችንን ወረዳ አስብ። የገበያ ቀረጥ ይሰበስባል፤ ጤና ጣቢያው ግን ጓንት የለውም።

ካሳንቺስ ማዶ፦
አሁን ነገሩን ወደ ወረዳ አመጣሽው።

ነርሷ ሐዋሳ፦
ነገሩ ወረዳ ነዋ።

የቦሌ ስኬተር፦
ሰላም፣ ትንሽ ሰው ነኝ፣ ልግባ? አዲስ አበባ ላይ በፈረንጅ 2016 የተከፈተው የስኬት ሜዳ (ባለ ጎማ ሰሌዳ ላይ የምንንሸራተትበት) የተሠራው እንዲህ ነው። ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ የሚባሉ የውጭ ስኬተሮች ከኢትዮጵያ ስኬት ልጆች ጋር ሆነው ሲሚንቶ አብረው አፈሰሱ። ሜዳው እስካሁን የኛ ነው። ማንም ያዘነልን አልመሰለንም። ስኬት የሚወድ ስኬት ለሚወድ ሠራ፣ አለቀ።

ካሳንቺስ ማዶ፦
ሜዳ እና መድኃኒት አንድ አይደለም አንተ ልጅ። ሜዳ ቢበላሽ ማንም አይሞትም።

የቦሌ ስኬተር፦
እሺ ጋሼ፣ ግን የሚያውቁትን ነው የሠሩት። ሬዲዮ ላይ የተባለው ሐኪምም ሕክምና ነው የሚያውቀው። ሰርፍ መሄጃው ነው እንጂ ሥራው አይደለም።

ፐርዝ ነኝ፦
ከዚህ ሁሉ ሰው ልጁ ገባው!

ካሳንቺስ ማዶ፦
አልገባውም። ሐኪም ከሆነ ለምን «ሰርፈር» ብለን እንጠራዋለን? ሐኪም በሉት፣ እኔም ዝም እላለሁ። የናንተ ነገር ሰርፈር ስትሉት ነው የሚያምረው። ደግሞ ጋሼ አትበለኝ፣ ያን ያህል አላረጀሁም።

የድሮ ርዳታ ሠራተኛ፦
እኔን ጋሼ ሲሉኝ ዝም ብያለሁ፣ አንተን ምን ነካህ?

ኮምቦልቻ99፦
ፐርዝ፣ አንድ ነገር አልመለስክም። አንተ ራስህ ትሰርፋለህ ወይስ በወሬ ነው?

ፐርዝ ነኝ፦
ልጄ ነው የሚሰርፈው። ትምህርት ሲዘጋ ሜንታዋይ እሄዳለሁ እያለ ነው።

ነርሷ ሐዋሳ፦
ሊሰርፍ ወይስ ሊረዳ?

ፐርዝ ነኝ፦
ሁለቱንም ይላል። 19 ዓመቱ ነው፣ አካውንቲንግ ይማራል።

ካሳንቺስ ማዶ፦
አካውንቲንግ! ሂድና የጀልባዎቹን ሒሳብ መርምር በለው። እውነቴን ነው፣ ለዚያ እኔም አዋጣለሁ።

ፐርዝ ነኝ፦
ስንት?

ካሳንቺስ ማዶ፦
መጀመሪያ «ከምንም ይሻላል»ን አንሣ።

ፐርዝ ነኝ፦
አላነሣም።

አሰብ ናፋቂ፦
የኔ አስተያየት ለምንድነው የተሰረዘው?