የሻወር ሚክሰር ስቀይር ግድግዳው ውስጥ እንዳያፈስ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሻወራችን ሚክሰር (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚያቀላቅለው ቧንቧ) ግድግዳ ላይ የሚታሰር፣ ባለ አንድ እጀታ ነው። ተዘግቶም ይንጠባጠባል፤ በስተግራ ያለው ዳዶ ሥርም ሁልጊዜ እርጥብ ነው። አዲሱን ገዝቻለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ጠመም ያሉ ሁለት አጫጭር ማገናኛዎች፣ ሁለት ክብ ሽፋንና ሁለት ጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበት) አለ። ሴራሚክ ሳልሰብር ይቀየራል? ቴፍሎኑስ ስንት ዙር ይጠቀለል?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ሴራሚክ አይሰበርም። በመጀመሪያ የሁለቱን መስመሮች ርቀት መሃል ለመሃል ለካ፤ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሴንቲሜትር ነው። ትንሽ ቢዛነፍ ጠመም ያሉት ማገናኛዎች ያስተካክሉታል። ዋናውን መዝጊያ ዝጋ፣ ቦይለሩን ከኤሌክትሪክ ንቀል፣ ወደ ቦይለሩ የሚገባውንም ውሃ ዝጋ። ቤት ውስጥ ዝቅ ብሎ ያለውን ቧንቧ በሙቁም በቀዝቃዛውም ክፈትና ውሃው እስኪያልቅ ጠብቅ።

ዳዶዎቹን በእንግሊዝ ቺያቬ (አፉ በሚሰፋና በሚጠብ ቁልፍ) ፍታ። አሮጌዎቹን ማገናኛዎች ስትፈታ ግን በጉልበት አትንጭ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ጉሚቶ (ማገናኛው የሚገባበት የቧንቧ ማጠፊያ) ፕላስቲክ ከሆነ፣ ውስጡ የተቀበረው ነሐስ ፕላስቲኩን ለቅቆ ይዞራል፤ ያኔ ሴራሚክ መስበር የግድ ይሆናል። እምቢ ካለህ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፋበትና ቆይ፤ ከዚያ በጣም በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው ገፋ አድርገህ መልሰው።

ስስ ቴፍሎን ከሆነ ከ12 እስከ 15 ዙር ይበቃል። የማገናኛውን አፍ ወደ ራስህ አዙረህ፣ በሰዓት አቅጣጫ ጠቅልል። ጥርሱ በጣም ለስላሳ ከሆነ ቴፍሎኑ ተንሸራቶ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ ስለዚህ በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ምላጭ ጥርሱን ጫር ጫር አድርገው። በእጅህ ሦስት አራት ዙር ካስገባህ በኋላ በቁልፍ ቀጥል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ የፈለግከውን ቦታ ካለፍክ ማገናኛውን ወደ ኋላ አትመልሰው። አንዴ የተጨመቀ ቴፍሎን ተመልሶ አያብጥም፤ ሩብ ዙር እንኳ ብትመልሰው ከሴራሚኩ ጀርባ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል፣ አንተ የምታየው ግድግዳው ሲያብጥ ነው። ካለፈህ ሙሉ በሙሉ አውጥተህ፣ ቴፍሎኑን ልጠህ እንደገና ጠቅልል።

መልስ 2፦
ሚክሰሩን ከማሰርህ በፊት ማገናኛዎቹ አፍ ሥር ባልዲ አድርግና ዋናውን ጥቂት ሰከንድ በቀስታ ክፈት። መስመሩ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋና ዝገት ይውጣ፤ ወደ ሚክሰሩ ከገባ ካርትሬጁ (ከእጀታው ሥር ያለው ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል) ውስጥ ያሉትን የሴራሚክ ሳህኖች ይጭራል፤ አዲስ ሚክሰር በሳምንቱ የሚንጠባጠበው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ዳዶው ላይ ደግሞ ቴፍሎን አያስፈልግም። እዚያ ውሃ የሚያቆመው ጎሚኒው ነው። ሙቁ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ፤ ዳዶዎቹን በጨርቅ ሸፍነህ እያፈራረቅህ አጥብቅ፣ አለዚያ ሚክሰሩ ይጣመማል። ውሃ ልክ ካለህ ላዩ ላይ አስቀምጠህ እይ።

መልስ 3፦
እኔ ግን ከመቀየሩ በፊት ሁለቱን ችግሮች ለይ እላለሁ። መንጠባጠቡ የካርትሬጅ፣ የዳዶው እርጥበት የጎሚኒ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ግድግዳው ሳይነካ ይቀየራሉ። አካባቢውን አድርቀህ በዳዶውና በሽፋኑ መሃል፣ ከዚያም ሽፋኑ ግድግዳውን በሚነካበት በኩል ሶፍት ያዝ። ሶፍቱ ከግድግዳው በኩል ከራሰ ማገናኛው ነው፤ ያኔ መልስ 1 ትክክል ነው። ካርትሬጅ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ 35 እና 40 ሚሊሜትር ያላቸው በዓይን ይምታታሉ።

ጥያቄ አቅራቢ፦
ሶፍቱ ከግድግዳው በኩል ነው የራሰው። ሚክሰሩን እቀይራለሁ። ከጨረስኩ በኋላ በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ 1፦
መጀመሪያ ክብ ሽፋኖቹን ሳታስገባ ሚክሰሩን እሰርና ዋናውን በቀስታ ክፈት። ማገናኛው ግድግዳ በሚገባበት ቦታ ደረቅ ሶፍት ጠቅልለህ 30 ደቂቃ ተው። ደረቅ ከሆነ ዋናውን ዘግተህ ሚክሰሩን ፍታ፣ ሽፋኖቹን አስገባና መልሰህ እሰር። ቦይለሩን ግን ሙቁ መስመር አየር መትፋቱን ትቶ ውሃው ቀጥ ብሎ እስኪፈስ ኤሌክትሪክ ላይ አትሰካው፤ ባዶውን ከሞቀ ማሞቂያው ይቃጠላል።