ስልኬ የሚያውቀው፣ እኔ የረሳሁት ፓስወርድ

ከአዘዞ፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። አዲስ ስልክ ገዛሁና ፌስቡክ ፓስወርድ አምጪ አለኝ። ከየት ላምጣ? በድሮው ስልኬ የምገባው በክሮም ነው፤ ራሱ ሞልቶ ይከፍትልኛል። ፒያሳ አንድ ስልክ ጠጋኝ ጋ ብሄድ «ስልኩን ከነመክፈቻው ተይልኝ፣ ነገ 400 ብር ይዘሽ ነይ» አለኝ። ልተውለት?

ባለ ኮምፒውተሩ፦ ኧረ በቁስቋም፣ እንዳትሰጪው! በድሮው ስልክ ክሮም ክፈቺ። ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኪ፣ ሴቲንግ ግቢ፣ «ጉግል ፓስወርድ ማናጀር» የሚለውን ፈልጊ። ፌስቡክን ስትነኪ የስልኩን ፒን ወይም አሻራ ይጠይቅሻል። ከዚያ የዓይን ምልክቷን ንኪ፣ ይታይሻል። ጠጋኙ መክፈቻሽን የጠየቀው ለምን ይመስልሻል? በእሱ የፌስቡኩን ብቻ ሳይሆን ያስቀመጥሽውን ሁሉ ማየት ይቻላል።

የማራኪው ተማሪ፦ አይፎን ያላችሁ ሴቲንግ ውስጥ «ፓስወርድስ» በሉ። ከአይኦኤስ 18 (የአይፎኑ ሲስተም) ወዲህ ራሱን የቻለ አፕ ሆኗል።

ከአዘዞ፦ አገኘሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ! ግን እዚያው የተጻፈው ጂሜይል የኔ አይደለም። ስልኩን ስገዛ ሻጩ ነበር የከፈተልኝ።

የቅዳሜ ገበያዋ፦ በይ ዋናው ጣጣ እሱ ነው እህቴ። እኔም ደርሶብኛል። ስንገዛ «ክፈትልኝ» እንላለን፣ ፓስወርዱ እሱ ጋ ይቀራል። እኛ «ሴቭ» ባልን ቁጥር የሚጠራቀመው እዚያ ጂሜይል ላይ ነው። የጂሜይሉን ፓስወርድ የያዘ ሰው ገብቶ ሊያይ ይችላል። ጂሜይሉ ላንቺ ብቻ የተከፈተ ከሆነ ፓስወርዱን ቀይሪ፣ የመልሶ ማግኛ ቁጥሩን የራስሽ አድርጊ፣ «ዩር ዲቫይስስ» (ጂሜይሉ የተከፈተባቸው ስልኮች ዝርዝር) ውስጥ የማታውቂው ስልክ ካለ አስወጪው። ሻጩ ለደንበኛው ሁሉ የሚጠቀምበት ከሆነ ግን ተይው፣ የራስሽን ክፈቺ። የፌስቡኩንም ሌሎቹንም ፓስወርዶች ቀያይሪና እዚያ አስቀምጪ።

ባለ ኮምፒውተሩ፦ ልክ ነሽ፣ ይሄን እኔም አላሰብኩትም። ስትቀያይሪ በኤስኤምኤስ ኮድ ይመጣልሽ ይሆናል፤ ደውሎ «አንብቢልኝ» ለሚል እንዳትሰጪ። ፓስወርዱን ስክሪንሾት አንስተሽ በቴሌግራም ለራስሽ መላክም ይቅር።

ከአዘዞ፦ ገባሁ! ለካ ፓስወርዴ የልጄ ስምና 1234 ነበር።

የቅዳሜ ገበያዋ፦ እሰይ። አሁን ደግሞ እዚህ ስለጻፍሽው ሮጠሽ ቀይሪው።