ብላይዝ ስፓርታንስ 10 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ ለምን ወደ ላይ አልወጣም?

ታች_ትሪቡን (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ እንግሊዝ ትንንሽ ከተሞች ክለቦች ተከታታይ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው፤ የምንጀምረው ከብላይዝ ስፓርታንስ ነው። መነሻው ግልጽ ነው፦ ከኒውካስል በስተሰሜን ያለች የከሰል ወደብ ከተማ፣ በ1899 የተመሠረተ ክለብ፣ ከ1909 ጀምሮ ሜዳው ክሮፍት ፓርክ፣ አረንጓዴና ነጭ ሸንተረር ማሊያ። «ስፓርታንስ» የሚለውን ስም ያወጣው መሥራቹ ፍሬድ ስቶከር ነው፤ ተጫዋቾቹ እንደ ጥንቶቹ የስፓርታ ተዋጊዎች እንዲፋለሙ ተመኝቶ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ያልገባኝ ይህ ነው፦ ኖርዘርን ሊግን ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ 10 ጊዜ አሸንፏል፤ በ1978 ደግሞ ኤፍ ኤ ካፕ (ትንንሾቹም ከትልልቆቹ ጋር የሚገናኙበት የእንግሊዝ ዋንጫ) አምስተኛ ዙር ደርሷል። እንዲህ ያለ ቡድን እንዴት እዚያው ቀረ? አቅም አጥቶ ነው ወይስ የከለከለው ነገር ነበር? በየቦታው የሚነሳው የማዕዘን ባንዲራ ጉዳይስ እውነት ነው? የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱኝ።

ሰሜን_መስመር

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከጽሑፍህ አንድ ነገር አስወጣ። ብላይዝ በ1978 የነበረበትን ሊግ «አምስተኛ እርከን» ወይም «ስድስተኛ እርከን» ብለህ አትጥራ። ብዙ ጸሐፊዎች የዛሬውን መሰላል ወስደው በዚያ ዘመን ላይ ይለጥፉታል፤ ያን ጊዜ ግን ከአራተኛ ዲቪዚዮን (ከፉትቦል ሊግ የመጨረሻ ክፍል) በታች ሊጎችን በመውጣትና በመውረድ የሚያያይዝ መሰላል አልነበረም። የዛሬው ናሽናል ሊግ መነሻ የሆነው አሊያንስ ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው በ1979 ነው፤ ክለቦቹንም የወሰደው ከሳውዘርን ሊግና ከኖርዘርን ፕሪሚየር ሊግ ነው። የብላይዙ ኖርዘርን ሊግ ሌላ ነው። በ1889 የተመሠረተ፣ በዓለም ከእንግሊዙ ፉትቦል ሊግ ቀጥሎ ረጅም ዕድሜ ያለው ሊግ ሲሆን በአማተር ታሪኩ የሚኮራ ነበር። ሁለቱ ስሞች ስለሚመሳሰሉ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እስከ 1986 ድረስ ከሊግ ውጪ ያለ ክለብ ወደ ፉትቦል ሊግ የሚገባው በውጤት ሳይሆን በድምፅ ነበር። በየዓመቱ የአራተኛ ዲቪዚዮን የመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች ቦታቸውን ለማስጠበቅ እንደገና ያመለክታሉ፤ ከውጪም አመልካቾች ይቀርባሉ፤ ድምፅ የሚሰጡት ራሳቸው የሊጉ አባል ክለቦች ናቸው። አባላቱ እርስ በርስ ስለሚተዋወቁና ነገ ተራው የእነሱ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቁ አብዛኛውን ጊዜ የድሮውን ጎረቤት ይመርጡ ነበር። ማን እንደወጣና ማን እንደገባ ጎን ለጎን ብታስቀምጠው አዝማሚያው ይታይሃል፦

1960 – ጌትስሄድ ወጣ፣ ፒተርቦሮ ገባ
1970 – ብራድፎርድ ፓርክ አቬኑ ወጣ፣ ካምብሪጅ ዩናይትድ ገባ
1972 – ባሮው ወጣ፣ ሄርፎርድ ገባ
1977 – ወርኪንግተን ወጣ፣ ዊምብልደን ገባ
1978 – ሳውዝፖርት ወጣ፣ ዊጋን ገባ

የወጡት ሁሉ ሰሜን ናቸው። ጌትስሄድ፣ ባሮውና ወርኪንግተን ለአብዛኞቹ መራጮች ሩቅ ነበሩ፤ ሩቅ ማለት ለእንግዳው ቡድን የአውቶቡስና የሆቴል ወጪ ማለት ነው። በእኔ እምነት ከኒውካስል አልፎ ያለች የወደብ ከተማ በዚህ ምርጫ የማሸነፍ ዕድሏ እጅግ ጠባብ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከቤት ነው። አሊያንስ ሲቋቋም የኖርዘርን ሊግ ክለቦች አልገቡበትም፤ ሊጉም ከመሰላሉ ጋር የተያያዘው በ1991 ነው። በ1986-87 ከአምስተኛው እርከን ወደ አራተኛ ዲቪዚዮን ቀጥታ መውጣት ሲጀመር ስካርቦሮ ወጣ፣ ሊንከን ሲቲ ወረደ። ብላይዝም በዚያው የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ነበር፤ ግን የቆመበት ሊግ ወደዚያ በር የሚያደርስ ደረጃ አልነበረውም። ስለዚህ «አቅም አጥቶ ቀረ» የሚለውን ሰርዘው። ሰሜን ምሥራቁ ምርጥ ዘመኑን ከመሰላሉ ውጪ አሳለፈ፤ ይህ ያስቆጫል፣ በጽሑፍህም መሀል ላይ መቀመጥ ያለበት ነጥብ ይህ ይመስለኛል።

የዳኛ_ፊሽካ

ሰሜን_መስመር ያለው ከገባን ኤፍ ኤ ካፕ ለብላይዝ ምን እንደነበር ግልጽ ይሆናል፤ ያለማንም ድምፅ ትልልቆቹን የሚያገኝበት ብቸኛ መንገድ ነበር።

በ1977-78 ከማጣሪያው መጀመሪያ ተነስቶ አራት ዙር አለፈ። ከዚያ በዋናው ውድድር በርስኮን 1-0፣ ቼስተርፊልድን 1-0፣ ኤንፊልድን 1-0 አሸነፈ። አራተኛው ዙር የሁለተኛ ዲቪዚዮኑ ስቶክ ሲቲ ነው፤ ያውም ከሜዳ ውጪ። ጨዋታው በአየር ሁኔታ ምክንያት ተራዝሞ ፌብሩዋሪ 6 ተደረገ። ቴሪ ጆንሰን አስቀደመ፣ ስቶክ በቪቭ በዝቢና በጋርዝ ክሩክስ 2-1 መራ፣ ስቲቭ ካርኒ አቻ አደረገ፣ ጆንሰን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሦስተኛውን አገባ። በተከላካይ መስመር የነበረው ሮን ጉትሪ በ1973 ከሰንደርላንድ ጋር ይህንኑ ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች መሆኑን አትዝለል፤ ቡድኑ እንደሚባለው ልምድ የሌላቸው ሰዎች ስብስብ አልነበረም። አጥቂው አለን ሾልደር ደግሞ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒውካስል ወሰደው፤ ካርኒም በኋላ ተከተለው።

አምስተኛው ዙር ፌብሩዋሪ 18 በሬክስሃም ሜዳ ነው። ሬክስሃም በዚያ ዓመት የሦስተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን የሆነ ጠንካራ ቡድን ነበር። ጆንሰን በመጀመሪያው አጋማሽ አገባ፤ ብላይዝ 1-0 እየመራ ጨዋታው ወደ ማብቂያው ደረሰ። ባንዲራው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ አዎ፣ እውነት ነው። መሬቱ በብርድ ደርቆ ስለነበር የባንዲራው እንጨት ጠልቆ መግባት አልቻለም። የማዕዘን ምት ሲመታ ባንዲራው ወደቀ፤ ዳኛው አልፍ ግሬይ ምቱ እንዲደገም አዘዙ፤ በድጋሚው ዲክሲ ማክኒል አገባ፣ 1-1።

ከመፍረድህ በፊት ሕጉን ተመልከት። የማዕዘን ባንዲራ በአራቱም ማዕዘን መቆም ግዴታ ነው፤ ቁመቱ ከ1.5 ሜትር አያንስም፣ ጫፉ ሹል መሆን የለበትም፣ ምት ሲመታም ከቦታው አይነሳም። የመሀል ሜዳ ባንዲራ ግን በፍላጎት የሚደረግ ነው። ስለዚህ ዳኛው የያዙት ሕግ ነበራቸው። ብላይዝን የጎዳው የሜዳው ዝግጅት ነው፦ በረዶ በያዘ መሬት ላይ እንጨቱን እንዲሁ መትከል አይበቃም፤ ሜዳ የሚያዘጋጁ ሰዎች ቀዳዳውን አስቀድመው በብረት ዘንግ ይበሳሉ ወይም መሬት ውስጥ የተቀበረ ማቀፊያ ቱቦ ይጠቀማሉ።

የድጋሚው ጨዋታ ፌብሩዋሪ 27 ነው። ክሮፍት ፓርክ ስለማይበቃ ወደ ኒውካስሉ ሴንት ጄምስ ፓርክ ተወሰደ። 42,167 ሰው ገባ፤ በሺዎች የሚቆጠር ደግሞ ደጅ ቀረ። ሬክስሃም ራሱን ኒውካስልን በአራተኛው ዙር ድጋሚ ጨዋታ 4-1 አሰናብቶ ስለነበር የከተማው ሕዝብ የራሱም ቁጭት ነበረበት። ሬክስሃም 2-1 አሸነፈ፣ የብላይዝን ግብ ጆንሰን አገባ። አላፊውን በሩብ ፍጻሜ የጠበቀው አርሰናል ነበር።

ታች_ትሪቡን

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። አንድ ተጨማሪ፦ በ1918 ዋንጫ ያነሳው «ብላይዝ ስፓርታንስ» ይኸው ክለብ ነው? በክብር ዝርዝሩ ውስጥ ላስገባው?

ወደብ_17

ለየብቻ አድርገው። የ1918ቱ ብላይዝ ስፓርታንስ ሌዲስ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብላይዝ ወደብ ጥይትና መድፍ ያራግፉ የነበሩ ሴቶች ቡድን። ስሙን ተጋሩ እንጂ የወንዶቹ ክለብ ቅርንጫፍ አድርገህ ካቀረብከው ታሪካቸውን ትሸፍንባቸዋለህ። በጥይት ፋብሪካ ሴቶች ዋንጫ ፍጻሜ ከሚድልስብሮው የቦልኮው ቮን ቡድን ጋር በሴንት ጄምስ ፓርክ 0-0 ተለያዩ፤ በድጋሚው፣ ሜይ 18 ቀን 1918 በኤይርሰም ፓርክ፣ 5-0 አሸነፉ። ቤላ ሬይ በዚያ ጨዋታ ሀትሪክ ሠርታለች፣ በአንድ የውድድር ዘመን ደግሞ 133 ግብ። እንግሊዝ ውስጥ የሴቶች እግር ኳስ በእግር ኳስ ማኅበሩ (ኤፍ ኤ) ሜዳዎች ላይ ከዲሴምበር 1921 ጀምሮ ለ50 ዓመት ያህል መታገዱን ጨምርበት፤ እንዲህ ያለ ቡድን ለምን ሳይቀጥል እንደቀረ ከሚያስረዱት ነገሮች ዋነኛው ነው። አንድ ሙሉ ክፍል ይገባቸዋል።

ሰሜን_መስመር

ትክክል። ከ1988 በኋላ ያለውን በአጭሩ ልጨርስልህ። ብላይዝ በመጨረሻ ወደ መሰላሉ ሲገባ በ1994-95 የኖርዘርን ፕሪሚየር ሊግ አንደኛ ዲቪዚዮንን አሸነፈ። በ2006 ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ስድስተኛው እርከን ወጣ፣ በ2012 ወረደ፣ በ2017 ተመለሰ፣ በ2024 እንደገና ወረደ። እዚህ እርከን መጥራት ትችላለህ።

በዋንጫው በ2008-09 ሽሩስበሪን 3-1፣ በርንማውዝን ከሜዳ ውጪ 0-0 ከተለያየ በኋላ በክሮፍት ፓርክ 1-0 አሸንፎ በሦስተኛው ዙር በብላክበርን 1-0 ተረታ። በ2014-15 ከሰባተኛው እርከን ተነስቶ ሃርትልፑልን ከሜዳ ውጪ 2-1 አሸነፈ፤ በሦስተኛው ዙር በርሚንግሃምን በሮቢ ዴል ሁለት ግቦች 2-0 መርቶ ዕረፍት ከወጣ በኋላ 3-2 ተሸነፈ።

የበርንማውዙን ጨዋታ ለገንዘቡ ጉዳይ ምሳሌ አድርገው። ከ2024-25 ጀምሮ ከዋናው የመጀመሪያ ዙር አንስቶ የድጋሚ ጨዋታ ቀርቷል። በዛሬው ደንብ ያ 0-0 እዚያው በተጨማሪ ሰዓትና በመለያ ምት ያልቅ ነበር፤ ብላይዝ የቤቱን ጨዋታ፣ የዚያን ቀን የመግቢያ ገቢና ካንቲኑን ያጣ ነበር። የ1978ቱ የሴንት ጄምስ ምሽትም ባልኖረ።

ስለ ተመልካች ቁጥር ስትጽፍ ተጠንቀቅ፤ 42,167 የክሮፍት ፓርክ ክብረ ወሰን ተደርጎ ሲጻፍ ይታያል። የክሮፍት ፓርክ ክብረ ወሰን በ1956 ከሃርትልፑልስ ጋር በተደረገው የኤፍ ኤ ካፕ ጨዋታ የተመዘገበው 10,186 ነው።