እናቶችና ሕፃናት ከጤና መድን መዋጮ ነፃ ይሁኑ?

አወያይ፦ በዚህ ሳምንት የምንከራከርበት ጉዳይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ አብዛኛውን የአገሪቱን ወረዳ አዳርሷል። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላሉ፣ መክፈል የማይችሉትን ደግሞ ቀበሌው ይመርጥና ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል። ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ቤተሰባቸው ከፈለም አልከፈለም፣ ያለ መዋጮ የመድኑ አባል ይሁኑ የሚል ነው። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን አስረዱ። እኔ ብይን አልሰጥም፤ ከርዕሱ የወጣውን ግን እመልሳለሁ።

አዋላጅ ነርስ፣ ሰሜን ሸዋ፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ። «ወሊድ ነፃ አይደለም ወይ? ሌላ ምን ይደረግላቸው?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎን፣ ነፃ ነው። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የድኅረ ወሊድ ክትትል፣ ክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክፍያ አይጠየቅባቸውም፤ ቀኗ የተቃረበ እናት ወሊድ ማቆያ ገብታ ገንፎዋን እየበላች ምጧን ትጠብቃለች። ይህ ሥራ ፍሬ አፍርቷል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደርሰዋል።

ችግሩ የሚጀምረው እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ከግቢው ከወጣች በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት እኔው ያዋለድኳት እናት በአሥራ አንደኛው ቀን ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ጡት አይዝም፤ በተነፈሰ ቁጥር ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የመጀመሪያውን መርፌ ሰጥተን ወደ ሆስፒታል ጻፍንላት፤ እዚያ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠየቀው የመድን ደብተሯን ነው። ደብተሩ የለም አይባልም፤ ባሏ ለአረም ሥራ ወደ መተማ ሲወርድ በኪሱ ይዞት ሄዷል። በእጇ ቢሆን ኖሮም የዓመቱ ዕድሳት አልተመታበትም። ገንዘብ ልትበደር ወደ መንደሯ ተመልሳ ሆስፒታል የደረሰችው በማግስቱ ነው። ልጁ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ያቺን አንድ ሌሊት ያመጣት በሽታው አልነበረም። በ2008ቱ ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ 29ኙ የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ነው። ወሊዱን ነፃ አድርገን ቀጣዩን ወር በደብተር ማሰራችን አይገባኝም።

የቀድሞ የወረዳ መድን አስተባባሪ፦ ሲስተር፣ የተናገሩት እውነት ነው፤ እንዲህ ያለች እናት እኔም ቢሮዬ ድረስ መጥታ አልቅሳብኛለች። ቢሆንም ሐሳቡን እቃወማለሁ፣ ምክንያቴም መዋጮው ከሚጠራቀምበት ከመድኑ ሣጥን ይነሳል።

መዋጮ የሚሰበሰበው ምርት በሚገባበት ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ነው። ቤት ለቤት ስንዞር ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረን ሰው «አምና ከፈልኩ፣ አልታመምኩም፤ ወይ ብሬን መልሱልኝ ወይ ለዘንድሮ ይቆጠርልኝ» የሚለው ነው። ከዚህ ሰው ጋር ስንከራከር ሁልጊዜ የምናነሳለት አንድ ነገር ነበር፦ «አንተ ባትታመም ሚስትህ ትወልዳለች፣ ልጅህ ያተኩሰዋል።» እናቲቱንና ሕፃኑን ነፃ ካደረግናቸው ይህ መከራከሪያ ከእጃችን ይወጣል። ጤና ጣቢያ የሚመላለሱት እነሱ ናቸው፤ ጎልማሳው አባወራ ለራሱ ብቻ ብሎ አይከፍልም። አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ የሆነውም የታመመው ብቻ እየተመዘገበ ሣጥኑ ባዶ እንዳይቀር ነው። የፌደራል መንግሥቱ ለሁሉም አባላት የሚሰጠው ድጎማ በሙከራው ዘመን ከመዋጮው 25 በመቶ ነበር፤ በኋላ ወደ 10 በመቶ ወርዷል። ድጎማው በቀነሰበት አገር ከፋዩንም እንቀንስ ማለት ለእኔ ትክክል አይመስለኝም።

የሚሻለው ለድሆች የተያዘውን ኮታ ማስፋት ነው። በሙከራው ጊዜ ከወረዳው አባወራ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር የሚፈቀደው፤ ያ ቁጥር ከችግሩ ስፋት ጋር አይመጣጠንም። ሀብታም ነጋዴ ሚስቱ ስላረገዘች ብቻ በነፃ የሚታከምበት፣ ልጅ የሌላት ደሃ መበለት ግን የምትከፍልበት ሥርዓት ፍትሐዊ ነው የሚል ካለ ያስረዳኝ።

የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ፦ ሁለታችሁም ስለ መዋጮ ታወራላችሁ። እኔ ከፋይ ነኝ፣ ደብተሬም የታደሰ ነው። ባለፈው ወር ትንሹ ልጄ ታሞ ማዘዣውን ይዤ መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ስደርስ ባለሙያዋ ከሦስቱ መድኃኒቶች ሁለቱን ሰጠችኝ፤ በሦስተኛው፣ በሲረፑ፣ ትይዩ «የለም» ብላ ጻፈችና ማዘዣውን መለሰችልኝ። ከግል መድኃኒት ቤት የገዛሁት በኪሴ ነው። ነፃ የምታደርጓት እናትም እዚያው መስኮት ላይ ነው የምትቆመው። የመድኃኒቱ ነገር ካልተፈታ መዋጮው ቢቀርላትም ምን ታተርፋለች?

የኢኮኖሚክስ መምህር፣ ሐዋሳ፦ የእኅታችን ጥያቄና የአስተባባሪው ሥጋት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። መድኑ ለጤና ጣቢያው የሚከፍለው ሲዘገይ ወይም ሲያንስ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል፤ ያን ጊዜ የአባሉ መብት መስኮቱ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ክርክሩን «ማን ይከፈልለት?» ከሚለው ይልቅ «የሚቀረውን መዋጮ ማን ይተካል?» በሚለው ብንመራው ይሻላል።

ጋና ይህን መንገድ ከእኛ በፊት ሄዳበታለች። የመድን ሕጓን በ2003 እ.ኤ.አ. አወጣች፤ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ከመዋጮ ነፃ አደረገች፤ ከሐምሌ 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ነፍሰ ጡሮችን ጨመረች። ይህን ልታደርግ የቻለችው መድኗ በዋናነት በአባላት መዋጮ ስለማይተዳደር ነው፤ በዕቃና በአገልግሎት ሽያጭ ላይ የተጣለ የ2.5 በመቶ የጤና መድን ቀረጥ አለ፣ ከመደበኛ ሠራተኞች ጡረታ መዋጮም ድርሻ ይወሰዳል። ያም ሆኖ ችግር አልቀረላትም። ክፍያ ለወራት ሲዘገይባቸው አንዳንድ ተቋማት ባለካርዱን ከሕግ ውጭ ያስከፍሉ ነበር። ስለዚህ ጋናን እንደ ምሳሌ የምናነሳ ሰዎች ነፃነቱን ብቻ ቀድተን ቀረጡን አንርሳ።

በእኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በትምባሆና በአልኮል መጠጥ ላይ ታክስ ጥሏል። ከዚያ ታክስ የተወሰነው ድርሻ በሕግ ለእናቶችና ለሕፃናት መድን ተለይቶ ቢያዝ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ተለይቶ ካልተያዘ ግን ከአስተባባሪው ጋር ነኝ። ሲስተርም ወሊድ «ነፃ ነው» ሲሉ አንድ ነገር ልጨምር፦ ነፃ የምንለው አገልግሎት ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ ከግብዓቱ ብዙው በውጭ ዕርዳታ ሲገባ የኖረ ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቆም በሰው ገንዘብ ነፃ የሆነ ነገር ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ሁላችንም አይተናል።

ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ የሚሳተፍ የሆስፒታል ሠራተኛ፦ ከሩቅ ሆኜ እናንተን ላስተምር አልመጣሁም፤ የምኖርበት አገር የራሱ ጣጣ ሞልቶታል። ሜዲኬይድ የሚባለው የዝቅተኛ ገቢ መድን እዚህ ከአሥር ወሊድ የአራቱን ያህል ወጪ ይሸፍናል፤ ገቢያቸው ለሜዲኬይድ ትንሽ በዛ ለሚል ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ቺፕ የሚባል ተጨማሪ መድን ተቋቁሟል። ሆኖም በእርግዝናዋ ምክንያት መድን ያገኘች እናት ለብዙ ዓመታት ሽፋኗ የሚቋረጠው ከወለደች ከ60 ቀን በኋላ ነበር። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው ግዛቶች እስከ አንድ ዓመት እንዲያራዝሙት የተፈቀደው። ሲስተር የነገረችን ቀዳዳ እዚህም ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ አገር አሠራር ለእናንተ ይጠቅማል የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቱ ስትወልደው ሜዲኬይድ የነበራት ሕፃን ማመልከቻ አይጻፍለትም፣ የወላጆቹ ገቢ እንደገና አይመረመርም፤ ከተወለደበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በሕግ መድን እንዳለው ይቆጠራል። ለትልልቆቹ ልጆች ግን ዕድሳት አለ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ጊዜ ቆሞ የነበረው የዕድሳት ምርመራ ሲመለስ ብዙ ልጆች መብቱ እያላቸው ቅጽ ባለመሞላቱ ብቻ ወጥተዋል። የእኛ ሰዎችም ይደርስባቸዋል፤ በእንግሊዝኛ የመጣ ደብዳቤ ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ ይከርምና ልጁ ሲታመም ይታወሳል። ስለዚህ መዋጮውን ብታነሡም ዕድሳቱን ካላነሣችሁ የመተማው ደብተር ታሪክ መደገሙ አይቀርም።

አዋላጅ ነርስ፣ ሰሜን ሸዋ፦ ጋሼ አስተባባሪ፣ የድሆችን ኮታ እናስፋ ላሉት ልመልስ። ኮታው የሚቆጥረው አባወራ ነው። በሕዝብ ስብሰባ «ደሃ ማን ነው?» ሲባል እጅ የሚወጣው ቤቱ ለሚታወቅ፣ ግብር ለሚከፍል፣ ስሙ በመዝገብ ላለ ሰው ነው። አማቶቿ ጓሮ በተቀለሰች ጎጆ የምትኖር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት አራስ ግን በየትኛው መዝገብ ትቆጠራለች? በአማቷ ደብተር እንዳትገባ ልጁ አግብቶ ወጥቷል ይባላል፤ ራሷን ችላ እንዳትመዘገብ ገና መሬት አልተሰጣቸውም። ባል ጥሏት የሄደችውም ደብተሩ በእሱ ስም ስለሆነ አባልም ደሃም ሳትሆን ትቀራለች። ኮታውን እጥፍ ቢያደርጉት እነዚህ ሴቶች አይገቡበትም፤ ምክንያቱም የወጡት በድህነታቸው መጠን ሳይሆን በቤተሰብ አቆጣጠሩ ነው። የነጋዴው ሚስት በነፃ ትታከማለች ለሚለው፣ የእኛን ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር መጥተው ቢያዩ እሷን አያገኟትም፤ የግል ክሊኒክ ነው የምትሄደው።

የቀድሞ የወረዳ መድን አስተባባሪ፦ ስለ አማት ጓሮዋ ልጅ የተናገሩትን አልክድም። እንዲያውም በእኔ ጊዜ እንዲህ ያሉትን «በልዩ ሁኔታ» እያልን በማስታወሻ እንመዘግብ ነበር፤ ኦዲት ሲመጣ ያስወቅሰናል እንጂ ሌላ መላ አልነበረንም። እንግዲያው አቋሜን በከፊል አሻሽላለሁ። የአምስት ዓመቱን ነፃ አባልነት አሁንም እቃወማለሁ፤ የመምህሩ ታክስ በሕግ እስኪታሰር ድረስ ሣጥኑ አይችለውም። ከሜሪላንድ የመጣውን ግን እቀበላለሁ፦ እናትና ልጅ ከወሊድ ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያለ መዋጮና ያለ ዕድሳት አባል ይሁኑ፤ ዓመቱ ሲሞላ ቤተሰቡ ይክፈል። አንድ ዓመት መድኑን የቀመሰ ቤተሰብ በሁለተኛው ዓመት ለመክፈል ይቀርባል የሚል ግምትም አለኝ፤ ይህ ግን ግምት ነው።

የሚቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። በጤና ተቋም የተወለደው ስሙ በወሊድ መዝገብ ይሰፍራል፤ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የልደት ምዝገባም ስላለ ተቋሙ የልደት ማሳወቂያ ይጽፍለታል፤ ያ ወረቀት እንደ መድን ካርድ ሊያገለግል ይችላል። ሲስተር እንዳሉት ግን በ2011 ዓ.ም. እንኳ ከግማሽ በላዩ የተወለደው በቤት ነው። ለዚያኛው ማን ይጻፍለት?

የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ፦ እኔም ልጨምር። ወረቀቱን ማንም ይጻፈው፣ በአባትየው ስም እንዳይሆን።

አዋላጅ ነርስ፣ ሰሜን ሸዋ፦ በቤት ለተወለደው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አለች። በጤና ኬላዋ መደርደሪያ ላይ የየቤተሰቡ ማኅደር ተቀምጧል፤ ማን እንዳረገዘች፣ ወሯ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደወለደች እየተከታተለች ትጽፍበታለች፤ ለአራስ ጥየቃም ቤት ድረስ ትሄዳለች። በዚያ ጥየቃ የእናቲቱንና የሕፃኑን ስም የያዘ ማኅተም ያለው ወረቀት ለእናቲቱ በእጇ ብትሰጣት ያንኑ ቀን አባል ይሆናሉ። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤትም አዲስ ቅጥርም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሆስፒታሉ ያንን ወረቀት ያለ ሌላ ጥያቄ እንዲቀበል ከመድኑ የሚጻፍ መመሪያ ነው፤ ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ እዚያ የሚያውቁት ሰው አይጠፋም።