ጥቆማ፦ ለሶሲዮሎጂና አንትሮፖሎጂ መመረቂያ ጽሑፍ ምን ሶፍትዌር፣ የትኛው ቤተ መጻሕፍት?

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። 15 ቃለ መጠይቅ በአማርኛ ልሠራ ነው፤ አጭር መጠይቅም አለኝ። ኤንቪቮ (የቃለ መጠይቅ ጽሑፍ መተንተኛ ሶፍትዌር) ልግዛ ወይስ ነፃ የሆነ ይበቃል? መጠይቁስ በወረቀት ይሻላል በስልክ?

መልስ፦ አትግዢ። ለ15 ሰው ታጌት ይበቃሻል፤ ነፃ ነው፣ ኮምፒውተርሽ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጽሑፍ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ድምፅ አያስገባም። ኤንቪቮ የሚበልጠው ኮዶችን (ለጽሑፉ ክፍሎች የምትሰጫቸውን የሐሳብ መለያዎች) በፆታና በዕድሜ እያመሳከረ ሠንጠረዥ በማውጣት ነው፤ ይህን ግን ከታጌት ወደ ኤክሴል አውርደሽ ትሠሪዋለሽ።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ፎንት ላይ ነው። በአሮጌው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ ፋይል ወርድ ላይ ደህና ይመስላል፤ ሌላ ሶፍትዌር ውስጥ ሲገባ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል፣ ዩኒኮድ (ሁሉም ሶፍትዌር የሚያውቀው የፊደላት አመዘጋገብ) ስላልሆነ። አንድ መስመር ኮፒ አድርገሽ በቴሌግራም ለራስሽ ላኪ፤ አማርኛ ሆኖ ከመጣ ችግር የለም። ሀ/ሐ/ኀ፣ ሰ/ሠ፣ ጸ/ፀ ላይም አንዱን ይዘሽ ዝለቂ። «ፀሎት» ብለሽ ስትፈልጊ «ጸሎት» ተብሎ የተጻፈው አይወጣም።

መልስ፦ ስለ ታጌት እስማማለሁ። መጠይቁን በኮቦ (በስልክ መጠይቅ መሙያ መተግበሪያ) ሥሪው። ያለ ኔትወርክ ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል፣ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መልሶ የመጻፍ ድካም የለውም። የትውልድ ወይም የጋብቻ ቀን ካለሽ ፎርሙን በኤክሴል አዘጋጂና «አፒራንስ» (appearance) በሚለው አምድ «ኢትዮፒያን» (ethiopian) የሚለውን በትንንሽ የላቲን ፊደላት ጻፊ። ስልኩ ላይ የእኛው ካሌንደር ይመጣል፤ የሚቀመጠው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህ ካልተደረገ ጠያቂው በቃሉ እያሰላ ይሞላና የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት ይገባል። ቀኑን የማያውቁ አዛውንቶችን «በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ስንት ዓመትዎ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ፤ ከደፈናው «ዕድሜዎ ስንት ነው?» በጣም ይሻላል።

መልስ፦ ለመቅጃ ስልክሽ ይበቃል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ስልክ ሲደወል ቅጂው ሊቋረጥ ይችላል። ኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት በሰዓት 60 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ስቴሪዮ ዋቭ (ያልታመቀ ድምፅ) ከሆነ ከ600 ያልፋል።

መልስ፦ ለንባብ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂጂ፤ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ለአሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ጥሩ ነው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሆንሽ ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ ያዢ። ለወረዳም የተለየ ደብዳቤ አጽፊ፣ ርእስሽና የምትቆዪበት ጊዜ ተጠቅሶበት።